ሳንባን የሚያየው ማግኔትና የጠዋት አክታ

(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ለአማርኛ አድማጮች በሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር)

ዛሬም እንደተለመደው ከጥያቄ ሳጥናችን በወጡ ደብዳቤዎች ላይ ተነሥተን ስለ ጤናችን እንጨዋወታለን። ሰሞኑን ከደረሱን ወረቀቶች ሦስቱ አንድ ዓይነት ነገር የሚጠይቁ ናቸው። ከሦስቱ የአንድ አባት ጥያቄ ከሁሉም ግልጽ ስለሆነ እንዳለ ላንብብላችሁ።

«ልጄ፣ ሳል ከያዘኝ ሁለት ወር አልፎኛል። ክሊኒክ ስሄድ አክታ ስጥ ይሉኛል። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ግን ሳንባን እስከ ውስጥ ድረስ አበጥሮ የሚያሳይ ኤም.አር.አይ. የሚባል መሣሪያ እንዳለ በስልክ ነግሮኛል። እንግዲህ ለሌላው ሰው ኤም.አር.አይ.፣ ለስደተኛ አክታ ማለት ነው?»

በጥያቄው ውስጥ ቁጣ አለ። ቁጣው አላስከፋኝም፤ እኔም እናንተ በምትቆሙበት ሰልፍ የምቆም ነዋሪ ነኝ። መልሱ ግን ረዘም ስለሚል አንዱን ነገር አስቀድሜ ልናገር። አባቴ፣ ሁለት ወር የቆየ ሳል ይዘው የእኔን ንግግር መጨረሻ አይጠብቁ። ነገ ጠዋት አክታዎን ይስጡ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ፣ ያ መሣሪያ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

መጀመሪያ ሳንባ ምን ይመስላል? በበዓል ቀን በግ ሲታረድ አይታችሁ ይሆናል፤ ጉበቱ ውኃ ውስጥ ሲጣል ይሰጥማል፣ ሳንባው ግን ይንሳፈፋል። ምክንያቱም ሳንባ አብዛኛው አየር ነው። ከጉሮሯችን የሚወርደው የአየር ቧንቧ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት እያለ ሃያ ጊዜ ያህልና ከዚያም በላይ ይቀናጠባል። በመጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ጥሩ ሆኖ የተጋገረ የጤፍ እንጀራን ዓይን አስቡ። ሳንባ እንደዚያ ነው፤ ዓይኑ ግን ላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ውስጡ ድረስ ነው። የአንድ ዓይን ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛው ያህል ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ የተቆጠሩት በአማካይ ወደ 480 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ሁሉም ተዘርግተው ቢነጠፉ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ ሦስት በስድስት ሜትር የሆኑ አራት ቤቶችን ወለል ያለብሳሉ ማለት ነው። የከረጢቶቹ ግድግዳ ደግሞ እጅግ ስስ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል ከአንዱ ክፋይ ያነሰ ውፍረት ነው ያለው። ኦክስጅን በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል ሾልኮ ወደ ደም ይገባል። እንግዲህ ይህን ያህል ደቃቅና ይህን ያህል ብዙ ነገር ሰውን ሳይቀዱ ከውጭ ሆኖ ማየት ቀላል እንዳልሆነ አትስቱትም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ኤም.አር.አይ. ብዙዎች እንደሚያስቡት ካሜራ አይደለም፤ ራጅም አይደለም። ለዚህ እኔ አሁን ለምናገርበት ሬዲዮ ቅርብ ዘመድ ነው። ሰውነታችን ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ በውኃው ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ የእያንዳንዱ ሃይድሮጅን እምብርት ደግሞ እንደ ኢምንት ማግኔት ነው። ሰው በትልቁ ማግኔት ውስጥ ሲተኛ እነዚህ ኢምንት ማግኔቶች ይሰለፋሉ። በብዙ ሆስፒታሎች ያለው መሣሪያ 1.5 ቴስላ የሚባል ጉልበት አለው፤ ኮምፓስን ከሚያዞረው የመሬት ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከዚያ መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ ይልክባቸዋል። ሞገዱ ሲቆም እነሱ ደግሞ በተራቸው ደካማ የሬዲዮ ድምፅ ይመልሳሉ። ኮምፒዩተር ድምፁ ከየት ከየት እንደመጣ ለይቶ ሥዕል ያደርገዋል። ሰው ጣቢያ ይሆናል፣ መሣሪያው አድማጭ ይሆናል እንደማለት ነው። በራጅና በሲቲ ስካን ያለው ዓይነት ጨረር እዚህ የለም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ማንሣት ይቻላል። ይህ በተለይ ለሕፃናት ትልቅ ጥቅም ነው።

ለአንጎል፣ ለአከርካሪ፣ ለጉልበት ይህ መሣሪያ የታወቀ ባለሙያ ነው። ሳንባ ላይ ሲደርስ ግን ለብዙ ዓመታት ጣቢያው አልያዝ ብሎ ነበር። ሳንባ አየር ስለሆነ የሚናገር ውኃ በውስጡ ጥቂት ነው። ያ ጥቂቱም ውኃ ድምፁ ቶሎ ይጠፋል፤ አየርና ሥጋ በሚሊዮን ቦታ በተገናኙበት ማግኔቱ ስለሚዛባ መልሱ በአንድ ወይም በሁለት ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ይከስማል። በዚያ ላይ ልብ ይመታል፣ ደረት ይነሣል ይወርዳል። ውጤቱም ከጎኑ ልብና ጉበት ቁልጭ ብለው እየታዩ ሳንባው ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ የሚቀርበት ሥዕል ነበር። ስለዚህ የአባታችን የወንድም ልጅ «ሳንባን እስከ ውስጥ ያሳያል» ያለው ሐሰት ባይሆንም፣ ማንኛውም ኤም.አር.አይ. ያንን ይሠራል ማለት አይደለም። በናይሮቢም ይሁን በአሜሪካ ተራው መሣሪያ ሳንባን ማየት ይከብደዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ጥቂት ልበል፤ ትምህርት ላቋረጡ ወጣት አድማጮቻችን እንዲደርስ ስለምፈልግ ነው። ይህን መሣሪያ ለሰው ጥቅም ካደረሱት አንዱ ፒተር ማንስፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ከተማውን ለቅቀው ወደ ሌላ ቦታ እንዲሸሹ ከተደረጉት ሕፃናት አንዱ ነበር። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቁሞ ማተሚያ ቤት ገባ። ወደ ትምህርት የተመለሰው ቆይቶ ነው። በኋላ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሰውን ሙሉ አካል የሚያስገባውን የመጀመሪያ መሣሪያቸውን ሲሠሩ ራሱ ገብቶ ሆዱን አስነሣ፤ አደጋ ሊኖረው ይችላል ተብሎም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአሜሪካዊው ፖል ላውተርቡር ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ2017 አረፈ።

ወደ ሳንባው እንመለስ። ውኃው ካልተናገረ ምን ይደረግ? ተመራማሪዎቹ «አየሩን ራሱን እናናግረው» አሉ። ተራው አየር በዚህ መንገድ አይናገርም፤ ስለዚህ ሰውን የማይጎዳ ሌላ ጋዝ መረጡ፤ ዜነን ወይም ሂሊየም። ጋዙን በሌዘር ብርሃን ልዩ አድርገው ያሰናዱታል፤ ያኔ ድምፁ በአሥር ሺዎች እጥፍ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ በፕሪንስተንና በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ሰዎች በዜነን የተሞላ የአይጥ ሳንባ ሥዕል «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አወጡ። በ1996 ደግሞ ሂሊየም የሳበ ሰው ሳንባ ታየ። ያ ጥቁር ጉድጓድ የነበረው ቦታ በራ።

ያን ጊዜ ብዙ ሥራ የተሠራበት የሂሊየም ዓይነት ሂሊየም-3 ይባላል። ከየት እንደሚገኝ ሳነብ ገርሞኛል። ለኑክሌር ቦምብ ከሚዘጋጀው ትሪቲየም ከተባለ ንጥረ ነገር ነው የሚተርፈው። ለመግደያ ከተሠራው ትራፊ የአስም በሽተኛ መመርመሪያ ሆነ ማለት ነው። ግን አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ አሜሪካ በወደብና በድንበር የኑክሌር ቁስ የሚያሸቱ መሣሪያዎችን በብዛት ስትተክል ጋዙ ወደዚያ ሄደ፤ በ2009 ገደማ እጥረቱ ጠና። ተመራማሪዎቹም ፊታቸውን ወደ ዜነን አዞሩ። ዜነን ከአየር ነው የሚጣራው፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ከቦምብ ሥራ ጋር አይያያዝም። ደግሞም አንድ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ዜነን እንደ ኦክስጅን በስሱ ግድግዳ በኩል አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ በአየር ውስጥ፣ በግድግዳው ውስጥና በደም ውስጥ ሲሆን የሚሰጠው ድምፅ የተለያየ ነው። በሬዲዮ ሦስት ጣቢያ እንደመለየት ነው። ስለዚህ አየሩ የት እንደደረሰ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወደ ደም ተሻግሮ እንደሆነም ይታወቃል። በሽተኛው አንድ ሊትር የማይበልጥ ጋዝ ከከረጢት ስቦ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ሰከንድ ትንፋሹን ይይዛል፤ በቃ። አንዳንዱን ሰው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ቀለል ያደርገዋል፤ ወዲያው ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዜነንን ለሳንባ ምርመራ ፈቀደ።

ይህ ሁሉ ድካም ምን አሳየ? አንዳንዱ ለእኛም ይጠቅመናል።

አስም ያለበት ሰው ሳንባ ላይ ጋዙ አንዳንድ ቦታ ጨርሶ አይገባም። እንጀራ ላይ እሳት ያልደረሰው ዓይን የሌለው ቦታ እንዳለ ሁሉ፣ ሥዕሉ ላይ እዚህም እዚያም ጥቁር ሆኖ ይታያል። መድኃኒት በአፍ ሲነፋለት ብዙው ቦታ ይከፈታል። በሌላ ቀን ሲነሣም ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ በዚያው በፊተኛ ቦታቸው ይገኛሉ። ከዚህ የሚታወቀው፣ አስም ትንፋሽ ባጠረ ቀን ብቻ የሚመጣና የሚሄድ እንግዳ ሳይሆን ደኅና በሆንበት ቀንም ሳንባ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ ነው። «ዛሬ ደኅና ነኝ» ብላችሁ በየቀኑ የታዘዘውን የሚሳብ መድኃኒት የምትተዉ፣ እባካችሁ አትተዉ።

ሁለተኛው ትንባሆ ነው። ጋዙ በጠባብ ከረጢት ውስጥ ሲሆን ቶሎ ቶሎ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ከረጢቶቹ ተቀደው አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እንደ ባዶ አዳራሽ ወዲያ ወዲህ ይንሸራሸራል። መሣሪያው ይህን መንሸራሸር ይለካል። ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ገና ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች ሲለኩ ከረጢቶቻቸው ሰፍተው ተገኙ። የእንጀራው ዓይኖች ተያይዘው ትልቅ ቀዳዳ እንደሚሆኑት ማለት ነው። የተቀደደው ተመልሶ አይሰፋም። የሚቻለው የቀረው እንዳይቀደድ ማቆም ነው። «እኔ ምንም አልሆንኩም» የሚሉ አጫሾችን ሁልጊዜ እሰማለሁ፤ ሳንባ ትርፍ ስላለው ቶሎ አይከስም እንጂ ዝም ማለቱ ደኅና ነኝ ማለቱ አይደለም።

ሦስተኛው ኮቪድ ነው። በኦክስፎርድና በሼፊልድ ያሉ ተመራማሪዎች ከኮቪድ በኋላ ለወራት ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ሰዎች አነሡ፤ ሆስፒታል ያልተኙም ነበሩባቸው። ሲቲ ስካናቸው ንጹሕ ነበር። ዜነኑ ግን ከአየሩ ወደ ደም እንደሚገባው አላለፈም። እነዚህ ሰዎች ምንም እንደሌለባቸው ቢነገራቸው ኖሮ ስሕተት ይሆን ነበር። በክሊኒክ የምንሠራ ሁሉ ይህን ብንሰማ ደስ ይለኛል። ሥዕሉ ንጹሕ መሆኑ በሽተኛው ዋሸ ማለት አይደለም።

አራተኛው የልጆች ነገር ነው፤ እኔን ከሁሉም የነካኝ ይህ ነው። የነርሲንግ ዲፕሎማዬን ስማር መጽሐፋችን የሳንባ ከረጢቶች በጨቅላነት፣ እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት ተሠርተው ያልቃሉ፣ ከዚያ በኋላ መጠናቸው ብቻ ይጨምራል ይል ነበር። በእንግሊዝ አገር የሌስተርና የሼፊልድ ተመራማሪዎች ከ7 እስከ 21 ዓመት የሆኑ 109 ልጆችና ወጣቶችን ሂሊየም-3 እያስሳቡ ለኩ፤ ውጤቱን በ2012 አወጡ። ሳንባው ከልጅ ወደ ወጣት ብዙ እጥፍ ሲያድግ የከረጢቶቹ ስፋት ግን ብዙም አልተለወጠም። ሳንባው አድጎ ከረጢቱ ካልሰፋ፣ የጨመረው ቁጥሩ ነው ማለት ነው። ልጅ እስከ ጉርምስና ድረስ አዳዲስ ከረጢት ይሠራል። ይህን ደግሞ ሕፃኑን ሳይቀዱ፣ ጨረር ሳያስነኩት ለማወቅ የተቻለው በዚህ መሣሪያ ነው።

ይህ ወደ ምድጃችን ያመጣኛል። ቤታችን ውስጥ ማገዶና ከሰል እናነዳለን፤ እንጀራ ስንጋግር ጭሱ ጣራ ሥር ይቆማል፤ ጨቅላው ደግሞ ጀርባችን ላይ ነው። ያ ልጅ ገና ከረጢት እየሠራ ያለ ልጅ ነው። ማገዶውን መለወጥ በእጃችን ላይሆን ይችላል፤ ቦታውን ግን መለወጥ እንችላለን። ውጭ በዳስ ሥር ብንጋግር፣ እንጨቱን አድርቀን ብናነድ፣ ልጁን በዚያ ሰዓት ለታላቁ ወይም ለጎረቤት ብንሰጥ ብዙ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ መተኛት ደግሞ ከሳንባም አልፎ በአንድ ሌሊት ይገድላል። እጣኑን ተዉ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ቡናው ሲፈላ በሩን ክፈቱና ሕፃኑን ወደ ውጭ አውጡልኝ።

ሕፃን ሲያስለው መቼ እንደምትሮጡም ልንገራችሁ፤ ለዚህ ምንም ማግኔት አያስፈልግም። ልጁ ተረጋግቶ ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ እያያችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ። የታችኛው ደረቱ አየር ሲስብ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ ቁጥሩንም አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ ልብ እንግባ። ያ ውድ መሣሪያ የማይችለው ምንድን ነው? የጀርሙን ስም መናገር አይችልም። ኤም.አር.አይ. ይሁን ሲቲ ስካን ይሁን ራጅ፣ ሳንባ ላይ ጠባሳ ወይም ቀዳዳ ወይም ውኃ ያሳያል። ያንን ያመጣው የቲቢ ባክቴሪያ ይሁን ሌላ ነገር፣ በሕይወት ይኑር ይሙት፣ መድኃኒት ይግደለው አይግደለው ሥዕል አይነግራችሁም። አክታ ይነግራችኋል። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ አገኘሁ ብሎ በበርሊን የተናገረው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ በአክታ በኩል ነው። ዛሬ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የተቀበለው፣ የባክቴሪያውን ዘር ከአክታው ውስጥ ፈልጎ ያገኛል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይናገራል። ናሙናው መሣሪያው ውስጥ ከገባ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ስለዚህ፣ አባቴ፣ «ለስደተኛ አክታ» አይደለም ነገሩ። ያ የወንድምዎ ልጅ ባለበት አገርም ለሁለት ወር የሚያስል ሰው ቲቢ ከተጠረጠረበት አክታ ይጠየቃል። ራጅ አብሮ ይታዘዛል፤ አክታው ግን አይቀርም።

እኩልነት የለም ብለው ቢቆጡ ግን አልከራከርዎትም። ዜነን የሚያነሡት ጥቂት ማዕከሎች ያሉት በአብዛኛው ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ነው፤ በጭስ የሚጎዳ ሳንባ በብዛት ያለው ደግሞ እዚያ አይደለም። ይህ መነገር ያለበት እውነት ነው። ትንሽ ተስፋ የሚሰጠኝ አቅጣጫ አለ፤ በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ የሠሩ ሰዎች ጉልበቱ 0.55 ቴስላ ብቻ የሆነ ማግኔት ሳንባን ከኃይለኛው በተሻለ ሊያሳይ እንደሚችል አሳይተዋል፤ ማግኔቱ ሲደክም አየርና ሥጋ በሚገናኙበት ያለው መዛባት ይቀንሳልና። ደካማ ማግኔት ደግሞ በዋጋም ለመቅለል ዕድል አለው።

አክታ አሰጣጥ ላይ አንድ ሁለት ነገር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ነው የምንመጣው። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ግን ሁለት ሳምንትም አይጠብቅ፤ ሳሉ እንደጀመረ ይምጣ። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደነቃችሁ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ፣ አፋችሁን በንጹሕ ውኃ ተጉመጥምጡ። ከቤት ውጭ፣ ከሰው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ በጥልቅ ተንፍሱና ከደረት ሳሉ። ምራቅ አይደለም የምንፈልገው፤ ከሥር የሚመጣውን ወፍራሙን ነው። ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ አምጡ። ማንም አያይብኝ ብሎ በጥድፊያ ምራቅ አስቀምጦ የሚመጣ ብዙ ሰው አለ፤ ምራቅ ውስጥ ምንም አልተገኘም ማለት ሳንባ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። በኬንያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ነው። መድኃኒት የማይቋቋመው የተለመደው ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ሕክምና ይድናል። ሁለት ወር ላይ ሳሉ ሲጠፋ «ድኛለሁ» ብላችሁ እንዳታቆሙ።

በየቡና ቤቱ የሚወራ ሌላ ነገርም አለ። «ፋይልህ ላይ ኤም.አር.አይ. ካለ ኬዝህ ይከብዳል፣ ቶሎ ትሄዳለህ» ይባላል። ይህን ሰምተው የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሳይኖራቸው በደላላ ለመውጣት፣ ራሽን እየሸጡ ገንዘብ የሚያጠራቅሙ እንዳሉ አውቃለሁ። የማግኔት ሥዕል ኬዝ አያከብድም። በግል ከፍሎ የተነሣ ሥዕል ሐኪም ያላዘዘው ከሆነ ለሐኪሙም ብዙ አይነግረውም። ሌላው ወሬ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ «ቲቢ ከተገኘብህ ጉዞህ ይሰረዛል» የሚለው። ለጉዞ በሚደረገው የጤና ምርመራ ራጅና አክታ አለ፤ ተደብቆ የሚቀር አይደለም። የሚተላለፍ ቲቢ የተገኘበት ሰው ሕክምናውን እስኪጨርስ ጉዞው ይዘገያል፤ ቲቢ ነበረበት ተብሎ ለዘለዓለም አይከለከልም። ዛሬ ጀምሮ በስድስት ወር የሚጨርስና ደብቆ ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚገኝበት፣ በመሀል ሚስቱንና ልጆቹን ያስያዘ ሰው፣ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እናንተው አስሉት።

ኤም.አር.አይ. ለቲቢ ጨርሶ አይረባም እንዳልል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቲቢ አከርካሪ ላይ ይወጣል። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ጀርባ ላይ የወጣ ጉብታ፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ ያ ሰው በአስቸኳይ መታየት አለበት፤ እዚያ ላይ የማግኔቱ ሥዕል በእርግጥ ወሳኝ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በሐኪም ትእዛዝ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲላክ ቀጠሮው እንዳያልፍበት።

ለተላከውም ሰው ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያ ማግኔት ሌት ተቀን አይጠፋም። ክፍሉ ውስጥ ብረት ይዞ የሚገባ ሰው ብረቱ እንደ ጥይት ይወረወራል። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የአንገት መስቀል፣ የጸጉር ሽቦ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ከዚህ በላይ ግን በሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ነው የሚያሳስበኝ። ከመካከላችን የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ በሰውነቱ ይዞ የሚኖር ብዙ ነው። አንዳንዱ ማን እንደተኮሰበት እንዳይጠየቅ ፈርቶ አይናገርም። የሚያነሣችሁ ባለሙያ የሚፈልገው ታሪካችሁን አይደለም፤ ብረት አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። ንገሩት። በተለይ ዓይን አካባቢ ፍንጣሪ ያለበት፣ በብየዳ ሥራ ላይ የነበረና ብረት ዓይኑ ገብቶ የሚያውቅ፣ በልቡ ላይ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ሳይናገር እንዳይገባ። ሲገባ ደግሞ ጠባብ ዋሻ ነው፤ እንደ ቆርቆሮ ድብደባ ይጮኻል፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት አለ። ጆሮ መድፈኛ ይሰጣል፣ የሚጨበጥ መጥሪያም አለ። አያምም።

ሰዓታችን እያለቀ ነው። የቀሩት ሁለቱ ደብዳቤዎች ስለ አስም መሳቢያ መድኃኒት አያያዝ የሚጠይቁም ስላሉባቸው፣ በሚቀጥለው ዝግጅታችን መሳቢያውን ይዤ መጥቼ እንዴት እንደሚነቀነቅ፣ እንዴት እንደሚሳብ፣ ለሕፃን ደግሞ ከፕላስቲክ ጠርሙስ እንዴት ማገዣ እንደሚሠራለት እናያለን። ባዶ የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ያላችሁ አጥባችሁ አስቀምጡ። የአክታ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በየብሎኩ ያሉትን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ይጠይቅ፤ ስም ሳንጠራ፣ ሰው ሳንሰበስብ እንሰጣለን።

ቸር ሰንብቱ።